ምራቂ

ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ደመናው ይመስለኛል። ድሮ በመጋቢት ሰማይ ሲጠቁር ደስ ይለኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ሽንኩርታችን ተነቅሎ ማሳው ላይ ተሰጥቷል። አንገቱ ሳይደርቅ ዝናብ ካገኘው አለቀለት።

የመጀመሪያው ዙር እንዲሁ ነው ያመለጠን። ለመንቀል ሳምንት ሲቀረው የውሃ ተራችን ደረሰና አጠጣነው። ተራ እንዴት ይታለፋል? በኋላ ጆንያውን ስፈታ ጣቴ ሽንኩርቱ ውስጥ ስምጥ አለ። አባዬ አንድም ቃል አልተናገረም። ተሸክሞ ወስዶ ፍጉ ላይ ደፋው።

ውሃችን የቆጋ ነው። ግድቡ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ከዚያ ውስጥ የኛ ሁለት ቃዳ፣ ግማሽ ሄክታር ማለት ነው። ልጅ ሳለሁ በበጋ እዚህ ከብት ብቻ ነበር የሚታየው። አሁን ዙሪያው አረንጓዴ ነው። ጣጣው ሁላችንም ሽንኩርት የምንነቅለው በአንድ ሰሞን መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ደላላው ማሳ ዳር ቆሞ ዋጋ ይቆርጣል። ለዚህ ነው ዘንድሮ ድንቹን፣ ቃሪያውንና ጎመኑን ራሳችን መራዊ ገበያ አውጥተን እንሽጥ ያልነው።

ሻጯ እማዬ ናት። እኔ ደብተር እይዛለሁ። ትናንት 50 ኪሎ ድንች ወጣ። ማታ ብሩን ስቆጥር የ46 ኪሎ ሆነ። ሦስት ጊዜ ደመርኩት።

«እማዬ፣ 4 ኪሎ የት ገባ?»

«መርቄው ነዋ!»

ከዚያ ወዲህ ይህ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣም። እንዴት እንደምትመርቅ ስንቴ አይቻታለሁ። ኪሎው ሞልቷል፣ ሚዛኑ ቆሟል። ገዢዋ ግን ዘንቢሏን አታነሳም። «መርቁልኝ እንጂ እናቴ» ትላለች። እማዬ ሁለት ፍሬ ታነሳለች። አፈሩን በአውራ ጣቷ ታብሳለች። ዘንቢሉ ላይ ጣል ታደርጋለች። ገዢዋም በተራዋ «እጅዎ አይንጠፍ» ብላ ትመርቃታለች። አንዷ በድንች፣ አንዷ በአፏ። ሁለቱም መመረቅ ነው።

ከ100 ኪሎ 8 ኪሎ መሆኑ ነው። ለጋሪ ከምንከፍለው ይበልጣል። ቀንሺ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሷ ያመማት ቀን ትዝ አለኝ። እኔ ነበርኩ የሸጥኩት። ኪሎ ማለት ኪሎ ነው ብዬ አንድ ፍሬ ሳልጨምር ዋልኩ። ካወጣሁት ከግማሽ በላዩን መልሼ አስጫንኩት። እሷ ስትሆን ጎን ለጎን ያው ድንች ተቆልሎ እያለ ሰው እሷ ዘንድ ይሰለፋል።

ደላላውም እኮ ትርፍ ይወስዳል። ጆንያው ጢም ብሎ፣ አፉ በሣርና በገመድ ተሰፍቶ ካልተጫነ ኩንታል አይለውም። ያንን ግን ማንም ምራቂ ብሎ አይጠራውም። እማዬም ያንን ስታይ ፊቷ ይጠቁራል። አራት ኪሎውን ስታወራ ግን ፊቷ በርቶ ነበር።

አሁን ደብተሩን ዘርግቼ ቁጭ ብያለሁ። «ምራቂ» ብዬ አዲስ መስመር አሰመርኩ። ወጪ ስር ልጻፈው ወይስ ገቢ ስር?