ግልባጭ ምስል፦ ፎከሱ ከጠብታው ፊት ነው

በግልባጭ ፎቶ፣ ማለትም ነገሮች ተገልብጠው በሚታዩበት ፎቶ በኩል ሰሞኑን ደስ የሚል ውጤት ተገኝቷል። በውኃ ጠብታ ውስጥ ተገልብጣ የምትታየው አበባና የጠብታው ጠርዝ ባንድ ፍሬም፣ ያለ ምንም ቅንብር፣ ሁለቱም ጥርት ብለው ወጡ። ይህን ያየ ሁሉ «በምን ሌንስ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌንሱ ተራ ነው፤ ሥራው ያለው ሚሊሜትር ቆጠራው ላይ ነው። ስለዚህ ግልባጭ የሚገኝባቸውን ሌሎቹን መንገዶች፣ ኩሬውንም ጨለማ ክፍሉንም፣ ቶሎ አልፌ ጠብታው ላይ እቆያለሁ።

ኩሬ ለጀማሪ ይበቃል። ዝናብ ካባራ በኋላ አስፋልት ላይ ያቆረ ውኃ ፈልጉና ስልካችሁን ዘቅዝቃችሁ ያዙት። ሌንሱ ወደ ታች ወርዶ ከውኃው ሁለት ሴንቲሜትር ላይ ሲደርስ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ በሙሉ ቁመቱ ውኃው ውስጥ ይገባል። ቆሞ ከላይ ቁልቁል ማንሳት ከንቱ ድካም ነው። ውኃ በቀጥታ ከላይ ሲታይ ካረፈበት ብርሃን የሚመልሰው 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው፤ ዝቅ ብለው በአግድም ሲያዩት ግን አብዛኛውን ይመልሳል። ፎከሱ የውኃው ገጽ ላይ ከሆነ ሕንፃው ይደበዝዛል፣ ምክንያቱም የነጸብራቁ ርቀት ከካሜራው እስከ ውኃው እና ከውኃው እስከ ሕንፃው ያለው ተደምሮ ነው። አነስ ያለ ሴንሰር ባለው ካሜራ (ኤ.ፒ.ኤስ.-ሲ የሚባለው)፣ በ18 ሚ.ሜ. ሌንስ፣ በኤፍ 11 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ ፎከሱን 1.5 ሜትር ላይ ብታቆሙት ከ75 ሴ.ሜ. ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ይጠራል። ፖላራይዘር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም፣ እየዞረ ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ) ግዙ የሚለው ምክር አይዋጥልኝም። ከውኃው ገጽ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላችሁ ስታዩ፣ ቀለበቱ በተሳሳተ በኩል ከዞረ፣ ልታነሱት የመጣችሁትን ነጸብራቅ ራሱን ጠርጎ ያጠፋዋል።

ጨለማ ክፍልም እንዲሁ አያስቸግርም። መስኮቱን በጥቁር ፕላስቲክ ደፍናችሁ 15 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው ቀዳዳ ብትተዉለት፣ 3 ሜትር ርቆ ያለው ነጭ ግድግዳ ላይ መንገዱ ተገልብጦ ይመጣል። ውጭው ፀሐይ የመታው መሆን አለበት። ካሜራው በኤፍ 4፣ አይ.ኤስ.ኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 ላይ ሆኖ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይፈልጋል። ቀዳዳውን ማስፋት ብርሃን ይጨምራል፣ ምስሉን ግን ያደበዝዘዋል። እዚህ ግልባጩ ያረፈው ግድግዳው ላይ ስለሆነ ፎከሱም እዚያው ነው፤ ክርክር የለም።

ጠብታ ግን ሌላ ነው። ክብ ጠብታ ሌንስ ስለሆነ ከኋላው ያለውን አበባ ገልብጦ ያሳያል። ምስሉ ግን ዓይን እንደሚገምተው ጠብታው ውስጥ አልተቀመጠም። ያለው ከጠብታው ፊት፣ ወደ ካሜራው በኩል፣ አየር ላይ ነው። ክብ የውኃ ጠብታ ብርሃን የሚሰበስበው ከመሀሉ ሲለካ የራሱን ስፋት ያህል ርቆ ነው። ጠብታው 3 ሚ.ሜ. ከሆነ ምስሉ ከመሀሉ 3 ሚ.ሜ.፣ ከፊተኛው ገጹ ደግሞ 1.5 ሚ.ሜ. ወጣ ብሎ ይገኛል። የጠብታው ክብ ጠርዝ ያለው በመሀሉ መስመር ላይ ነው። እንግዲህ በጠርዙና በአበባዋ መካከል የ3 ሚ.ሜ. ልዩነት አለ ማለት ነው።

ሦስት ሚሊሜትር እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ በማክሮ፣ ማለትም ትንሽ ነገር ከቅርብ በሚነሳበት ፎቶ፣ ግን ገደል ነው። በዚያው ኤ.ፒ.ኤስ.-ሲ ካሜራ፣ አንድ ለአንድ በሆነ ማጉላት (ነገሩ ሴንሰሩ ላይ በራሱ መጠን ሲያርፍ)፣ በኤፍ 8፣ የሚጠራው ጥልቀት 0.6 ሚ.ሜ. ቢሆን ነው። ጠርዙ ሲጠራ አበባዋ ትደበዝዛለች፤ አበባዋ ስትጠራ ጠርዙ ይሟሟል። አውቶፎከስ አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙን ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ወደ ማኑዋል ቀይሩት።

«የበለጠ ተጠጋ» የሚለው የተለመደ ምክር ነገሩን ያባብሰዋል። ማጉላቱን ወደ ግማሽ አውርዱት። ለዚህ ውድ ማክሮ ሌንስ አያስፈልግም፦ 50 ሚ.ሜ. ሌንስ ላይ 25 ሚ.ሜ. ኤክስቴንሽን ቲዩብ (በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ) ገጥማችሁ የሌንሱን ፎከስ ማለቂያ የሌለው ርቀት ላይ ብታቆሙት ልክ ግማሽ ማጉላት ይሰጣል። የፍሬሙ ስፋት 47 ሚ.ሜ. ያህል ይሆናል። አንድ ጠብታ ብቻውን እዚያ ውስጥ ትንሽ ነው፤ ቆርጦ ማሳደግ ደግሞ የተገኘውን ጥልቀት መልሶ ይበላዋል። ስለዚህ አንድ የሣር ዘንግ ላይ አምስት ስድስት ጠብታ በረድፍ አንጠልጥላችሁ ፍሬሙን ሙሉ። ዘንጉ ከሴንሰሩ ጋር ትይዩ ካልሆነ ዳር ያሉት ጠብታዎች ያመልጣሉ።

ቀጥሎ ውኃው ራሱ። ፋርማሲ የሚሸጠውን ግሊሰሪን ከውኃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት ጠብታው ቶሎ እንዳይተን ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ድብልቁ ብርሃንን ከተራ ውኃ ይበልጥ ስለሚሰብር ምስሉ ወደ ጠብታው ይጠጋል። የ3 ሚ.ሜ. ጠብታ ልዩነት ወደ 2.6 ይወርዳል። ጠብታውን ወደ 2 ሚ.ሜ. ስታሳንሱት ደግሞ ልዩነቱ 1.75 ብቻ ይሆናል። በግማሽ ማጉላት፣ በኤፍ 11፣ የሚጠራው ጥልቀት 2.6 ሚ.ሜ. አካባቢ ነው። ገባ! ኤፍ 16 ለጥንቃቄ ይሆናል፤ ኤፍ 22 ላይ ግን አትውጡ፣ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ሁሉም ነገር ባንድነት ይለሰልሳል።

ሁለት ሚሊሜትር ጠብታ በጣት አይሠራም። የኢንሱሊን መርፌ ውሰዱና ከዘንጉ በታች በኩል ቀስ ብላችሁ አንጠልጥሉት። ቅጠል ላይ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ የጎመን ቅጠል ጥሩ ነው፤ ሰም መሰል ሽፋኑ ውኃውን ያንከባልለዋል። በጣት ካሻችሁት ሽፋኑ ይለቅና ጠብታው ይዘረጋል። ቅጠል ላይ ከ2 ሚ.ሜ. ያለፈ ጠብታ በክብደቱ ስለሚጠፈጠፍ አበባዋም አብራ ትጠፈጠፋለች።

አበባዋን ከጠብታው ኋላ፣ የስፋቷን እጥፍ ያህል አርቁ፤ 4 ሴ.ሜ. የሆነች አደይ 8 ሴ.ሜ. ላይ ትቀመጥ። ያን ጊዜ የጠብታውን ግማሽ ያህል ትሞላለች። ከዚያ በላይ ከተጠጋች ቅጠሎቿ ወደ ጠብታው ዳር ሄደው ይጣመማሉ። ቀጥ ብላ እንድትታይ ከፈለጋችሁ አበባዋን ራሷን ዘቅዝቃችሁ እሰሯት። ፎቶውን በኋላ በሶፍትዌር መገልበጥን አልወደውም፣ የተንጠለጠለው ጠብታ ወደ ላይ የሚወድቅ ይመስላል።

ፎከሱ ጠርዙም ምስሉም ላይ ሳይሆን መሃከላቸው ላይ ይዋል። መጀመሪያ ጠርዙን አጥሩ፤ ከዚያ ቀለበቱን ሳትነኩ ካሜራውን 1 ሚ.ሜ. ያህል ወደ ኋላ ሳቡ። የፎከስ ሬይል (ካሜራውን በጥቂት በጥቂቱ የሚያንሸራትት ሐዲድ) ከሌለ ዘንጉ የተተከለበትን ዕቃ በወረቀት ላይ አድርጋችሁ ወረቀቱን ከካሜራው አርቃችሁ ሳቡት፤ ውጤቱ አንድ ነው። ፍላሹን ወደ አበባዋ እንጂ ወደ ጠብታው አታዙሩ፣ አለዚያ ጠብታው ላይ ነጭ ነጥብ ይቀራል። መስኮትና በር ይዘጋ። ትንፋሽም ያንቀጠቅጠዋል፤ በ2 ሰከንድ ታይመር አንሱ።

ሁለት ፍሬም አንስቶ ማዋሐድም ይቻላል፤ አንዱን በጠርዙ፣ አንዱን በምስሉ። ችግሩ ምስሉ ሲጠራ የደበዘዘው ጠርዝ ወደ ውስጥ መፍሰሱ ነው። ስትደርቡ በአበባዋ ዙሪያ ግራጫ ቀለበት ይቀርና በእጅ ማጽዳቱ ያታክታል። ባንድ ፍሬም መጨረስ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

የተፈጥሮ ጤዛ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት ግልባጭ አብሮ ያገኛል። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ባልነበረበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ጤዛ የሚወርደውም ለዚያ ነው፤ ወትሮ ከላይ የሚሆነው ቀዝቃዛ አየር ተገልብጦ ከሞቃቱ በታች የሚተኛውም ለዚያ ነው። እንጦጦ ላይ ሆናችሁ አዲስ አበባን ስታዩ በዚያ ቀዝቃዛ አየር ውስጥ የታፈነው የከተማው ጭስ በቢላ የተቆረጠ ያህል አናቱ ልሙጥ ሆኖ ተዘርግቷል። መቆሚያችሁ ከዚያ ንብርብር በላይ መሆን አለበት፤ ውስጡ ከሆናችሁ የሚታየው ግራጫ ብቻ ነው። ከ70 እስከ 200 ሚ.ሜ. ሌንስ አናቱን በአግድም ጨምቆ ያሳያል። ኋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ሚዛን) 5200 ኬልቪን ላይ ቆልፉት፣ አውቶ ሰማያዊውን ጭስ ይሰርዘዋል። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ንብርብሩ ይፈርሳል።

በሕንፃ በኩል ከላሊበላ የሚበልጥ ግልባጭ የለም፤ ቤተ ጊዮርጊስ የተፈለፈለው ከጣሪያው ወደ ወለሉ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ወደ ላይ ማንሳት ይህን ይደብቀዋል፣ ማንኛውም የድንጋይ ቤት ይመስላል። ከጉድጓዱ አፋፍ ሆናችሁ የመስቀሉን ጣሪያና በዙሪያው ያለውን መሬት ባንድ ፍሬም ያዙ፤ ጣሪያው ከመሬቱ እኩል መሆኑ የሚነበበው ያኔ ብቻ ነው። ካሜራው ቁልቁል ስለሚያዘነብል ግድግዳዎቹ ወደ ታች እየጠበቡ ይሄዳሉ። ይህን በሶፍትዌር ስታቀኑ ዳርና ዳሩ ስለሚቆረጥ፣ ስታነሱ በአራቱም በኩል ሰፋ አድርጋችሁ ቦታ ተዉ። ወለሉ ፀሐይ የሚያገኘው እኩለ ቀን አካባቢ ነው፤ ለእኔ ግን ደመናማ ቀን ይሻላል፣ ጣሪያው ሳይነጣ ጉድጓዱም ሳይጠቁር ይወጣል።