ለእግሬ ቤት ፍለጋ

ዛሬ ጠዋት ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ሞተሩን ሳላስነሳ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ምንም አልተፈጠረም። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ብቻ ዊንተር ሊያልቅ ሲል የሚመጣብኝ ነገር አለ አይደል፣ በረዶው ጠቁሮ በየመንገዱ ዳር ተቆልሎ ሳየው ሆዴን ባር ባር የሚለኝ፣ እሱ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዘፈን ይከፍታል፣ ወይ እናቱ ጋ ይደውላል። እኔ ስልኬን አወጣሁና ቤት ማየት ጀመርኩ። የማልገዛውን ቤት።

የዘንድሮው በሽታዬ ፑዌርቶ ሞሬሎስ ነው። ከልጄ ጋር ሄጄ ከመጣሁ ወዲህ ሌላ ወሬ እንደሌለኝ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ እንደሰለቻችሁም አውቃለሁ። ሜክሲኮ ነው፣ ካሪቢያን ባሕር ዳር፣ ከካንኩን ወደ ደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብላ ያለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ። የካንኩን ግርግር የለባትም። መሐሏ ላይ አደባባይ አለ፣ ከአደባባዩ ባሕሩ ይታያል። ዳቦ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዓሣ የሚጠበስበት ቤት፣ ሁሉም እዚያው እዚያው ነው። ከዳር ትንሽ ራቅ ብሎ ማዕበሉ ሲሰበር ነጭ መስመር ይሠራል። እዚያ ጋ ሪፉ አለ፣ ከሜክሲኮ እስከ ሆንዱራስ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋው የኮራል ግንብ አንዱ ቁራጭ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ አድርገውታል። ማዕበሉን እሱ ስለሚይዘው ዳር ላይ ያለው ውኃ የረጋ ነው፣ እንደኔ ዋና የማይችል ሰው እንኳ እስከ ወገቡ ገብቶ ይኮራል።

ደግሞ ያ ያዘመመ ማማ አለ። ድሮ ለመርከብ መብራት የሚያበራ ትንሽ ማማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ቢዩላ የተባለ አውሎ ነፋስ መጣና አጋደለው። ከዚያ በኋላ ማንም አላቃናውም። ማንም አላፈረሰውም። ሌላ አዲስ ማማ ሠሩና እሱን እንዳጋደለ ተዉት። አሁን ሕዝቡ ከሥሩ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ እኔም ተነስቻለሁ፣ ልጄ "እማ አንቺም ዘመም በይ" እያለች። እንግዲህ የኛን 1967 አስቡት፣ የእነሱ 1967 ለዚያች ከተማ ያዘመመ ማማ ትታ አለፈች።

እኔን የያዘኝ ግን ማማውም ባሕሩም አይደለም። እግር ነው። እዚያ በነበርንበት ጊዜ መኪና ውስጥ አልገባንም ማለት ይቻላል። ጠዋት በነጠላ ጫማ ወጥቼ ዳቦ ገዝቼ እመለሳለሁ፣ የሆነ ነገር ከረሳሁ ደግሜ እወጣለሁ፣ መርሳቱ ራሱ ደስ ይላል። እዚህ ቨርጂኒያ ወተት ቢያልቅ መኪና ነው። ሽንኩርት ቢያልቅ መኪና ነው። ዚሎ በሚባለው የቤት መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ቤት ስታዩ ከሥር ዎክ ስኮር የምትባል ቁጥር አለች፣ ሰፈሩ በእግር ለመሄድ ምን ያህል እንደሚመች የምትናገር፣ ከ0 እስከ 100። ከ50 በታች ከሆነ ለአብዛኛው ጉዳይ መኪና ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። የኔን ቤት ቁጥር አልናገርም። ልጄ አይታው "እማ፣ ይሄ የዛሬ ሙቀት ነው?" አለች። ሐኪሜ ደግሞ ለጉልበትሽ ተራመጂ ትለኛለች። የት? የእግረኛ መንገድ ሳይኖር? ታናሼ "ጠዋት ጠዋት ሞል ውስጥ የሚዞሩትን አሮጊቶች ተቀላቀይ" አለችኝ። እዚያ እንኳ ገና አልደረስኩም።

እና መግዛት ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ አይቻልምም። እ.ኤ.አ. በ1917ቱ የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ላይ እንዳለው የውጭ ሰው ከባሕር ዳር 50 ኪሎ ሜትር፣ ከድንበር 100 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ መሬት በቀጥታ በስሙ መያዝ አይችልም። ስለዚህ መላ አበጁ፣ ፊደይኮሚሶ ይሉታል። ባንክ ባለአደራ ይሆናል። ካርታው በባንኩ ስም፣ ቤቱ ያንቺ። ትኖሪበታለሽ፣ ታከራዪዋለሽ፣ ስትፈልጊ ትሸጪዋለሽ፣ ለልጅሽ ታወርሻለሽ። ባንኩ በየዓመቱ የአደራውን ይቀበልሻል። ዘመኑ 50 ዓመት ነው፣ ሲያልቅ ይታደሳል። 50ውን ከዕድሜዬ ጋር ደመርኩና ሳቄ መጣ። ውሉን የሚያጸናው ደግሞ ኖታሪዮ ነው። እዚህ አሜሪካ ወረቀት አይቶ ማኅተም የሚመታው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። መንግሥት የሾመው ትልቅ የሕግ ሰው ነው፣ የቤቱን ታሪክ ያጣራል፣ ዕዳ ካለበት ያያል፣ የመንግሥትን ግብር ይቆርጣል። የኛን ውልና ማስረጃ ለብቻው የተሸከመ ሰው በሉት።

ያቺ ሪል ስቴት የምትሠራው ጓደኛዬ ይሄን ስነግራት "በስምሽ ባልሆነ መሬት ላይ ቤት ልትገዢ?" አለችኝ። ኧረ እኅቴ! እኛ እኮ ከዚያ ነው የመጣነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲባል ሰምተን ያደግን ልጆች ነን። አገር ቤት መሬት በሊዝ ነው፣ የሚሸጠው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም። በባንክ ስም ያለ ካርታ እኔን ምን ያስደነግጠኛል?

የሚያስደነግጠው ኤሂዶ ነው። ከአብዮታቸው በኋላ ገበሬው በጋራ እንዲይዘው የተሰጠ መሬት። ያ ባለ ትልቁ ሪዝ የገበሬዎቹ መሪ፣ ሳፓታ፣ መሬት ለሚሠራባት ሰው ነው የሚለው መፈክር በስሙ የሚነገርለት፣ የኛዎቹ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ብለው ሲወጡ እሱ ከሞተ ቆይቷል። እነሱ ጋ መሬቱ እውነትም ለገበሬው ተሰጥቶ ነበር። ከዚያ ባሕር ዳሩ ወርቅ ሆነና መሸጥ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሕጉ በሥርዓቱ ወደ ግል እንዲዞር ይፈቅዳል፣ ያልዞረውን ግን ለውጭ ሰው መሸጥ ክልክል ነው። ስለዚህ በጣም ርካሽ የሆነ ቦታ ካያችሁ ተጠንቀቁ፣ ገንዘባችሁንም ቤታችሁንም ልታጡ ትችላላችሁ። አያችሁ፣ የማልገዛውን ቤት እንዴት እንደማጠናው? ለነርሲንግ ፈተና እንዲህ አላነበብኩም።

ክፉውንም አውቃለሁ። የባሕር አረሙ አለ፣ ሳርጋሱም፣ በጸደይና በበጋ እየተጫነ መጥቶ ዳር ላይ ይበሰብሳል፣ ሽታው የገማ እንቁላል ነው፣ ጋዙ ፍሪጅና ኤሲ ያበላሻል ይላሉ። አውሎ ነፋሱ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ዊልማ የተባለው እዚያ አካባቢ ከአንድ ቀን በላይ አልነቃነቅ ብሎ ነበር። ጨዉ ብረት ይበላል። ይሁን። የቨርጂኒያ የቤት ግብርም ይበላል።

አሁን ወደ ገደለው። ሥዕሎቹን እያየሁ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። ቁርስ የምንበላበት ቤት የምትሠራ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጉልበቷን እንደኔ ጨብጣ የምትነሳ። ልጄ ትምህርት ቤት የተማረቻት ስፓኒሽ አለቻት፣ ቤትሽ የት ነው ብላ ጠየቀችልኝ። እጇን ከባሕሩ በተቃራኒ ወደ ምዕራብ ወረወረች። ኮሎኒያ።

ለካ ከተማዋ ሁለት ናት። ባሕሩ ጋ ያለችው እኛ የምናያት ናት። ከኋላዋ ማንግሮቭ አለ፣ አዞ ያለበት ረግረግ፣ እሱን አቋርጣችሁ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ዋናው የመኪና መንገድ፣ 307 ቁጥር፣ ይመጣል። ከመንገዱ ማዶ ኮሎኒያው ነው፣ አብዛኛው የአገሬው ሰው የሚኖርበት። ዓሣ የሚጠብሰው፣ አንሶላ የሚቀይረው፣ ግንበኛው፣ ጠዋት በሳይክል ወይም በሚኒባስ እየሆነ ረግረጉን ተሻግሮ ይመጣል። ሚኒባሶቹ ደግሞ ብዙዎቹ ያቺው የኛዋ ሃይኤስ ናቸው፣ ነጭ ስለሆኑ ነው እንጂ ረዳቱ "አራት ኪሎ" ብሎ ይጠራል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። በእግር የሚኖርባትን ከተማ የሚያቆሟት ሰዎች በእግር አይመጡባትም።

ይሄ ሐሳብ ከመጣ በኋላ ቤት ማየቱ ቀረ።

ምክንያቱም እኔ ሥራዬ ኦልድ ታውን አሌክሳንድሪያ ነው። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ኪንግ ስትሪት፣ ቀይ ሸክላ የተነጠፈበት የእግረኛ መንገድ፣ ውሻ እየሳቡ ቡና የያዙ ሰዎች፣ ታች ወንዙ። ከፈለጋችሁ ሳምንቱን ሙሉ መኪና ሳትነኩ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ወደዚያ የምሄደው በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ መኪና ተደርድሮ ከዉድብሪጅ ነው። ከምንከባከባቸው ሽማግሌዎች መካከል አንዱ አሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው የኖሩ፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ስገፋ "መኪና ወድጄ አላውቅም፣ ሁሉን በእግሬ ነው የጨረስኩት" ይሉኛል። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እላለሁ በሆዴ በአማርኛ። እኔኮ የአሌክሳንድሪያ ኮሎኒያ ነኝ። እና ፑዌርቶ ሞሬሎስ ስሄድ ምን ልሆን ነው? ጋሼን ልሆን ነዋ። ያቺ ሴት ጉልበቷን ጨብጣ ረግረጉን ተሻግራ መጥታ ቁርሴን ታቀርብልኛለች፣ እኔ በነጠላ ጫማ ዳቦ ገዝቼ እየተመለስኩ፣ ሁሉን በእግሬ ነው የምጨርሰው እያልኩ።

ታላቄንም አሰብኩ። ፒያሳ የነበረችው። የቀበሌ ቤት ነበር፣ እኔም እዚያው ነው ያደግኩት። ቤቱ በሐምሌ 1967 አዋጅ ከአንድ ሰው የተወሰደ ትርፍ ቤት ነበር፣ የማን እንደነበር ግን ልጆች ሆነን ጠይቀን አናውቅም፣ አዋቂዎቹም አይነግሩንም። እና በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ እሱም ፈረሰ። ለእሷ ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ተሰጣት። ሰፈሩ ተበተነ፣ እድሩ ተበተነ። ባለፈው ቪዲዮ ላከችልኝ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ አግዳሚ ወንበር፣ አበባ። "ተመልከች እንዴት እንዳማረ" ትላለች፣ ድምጿ ይሰማል፣ እየሄደች ነው የቀረጸችው። እሑድ ነበር። ለመንሸራሸር ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የመጣችው።

ሁለት ታክሲ ይዛ፣ በእግሯ ልትሄድ።

ይሄን ሰምቼ እኔ ተናደድኩ፣ እሷ አልተናደደችም። "እናንተ ውጭ ያላችሁት ስለ ድሮ ቤት ታለቅሳላችሁ፣ ዝናብ ሲያፈስብኝ የት ነበራችሁ?" አለችኝ። የራሷ መታጠቢያ ቤት አላት አሁን፣ ሽንት ቤት በወረፋ የለም። እውነቷን ነው። ግን ደግሞ በሌላ ቀን ስደውል ከታች ከሱቅ ስኳር የምትልከው ልጅ እንኳ እንደሌላት፣ ፎቁ ላይ ማንም ማንንም እንደማያውቅ ትነግረኛለች። ሁለቱም እውነት ነው፣ እኔ ነኝ አንዱን መርጬ ማልቀስ የምፈልገው።

ታዲያ ምን ይሁን? ባልገዛው ሌላ ይገዛዋል፣ ምናልባት ከኔ የባሰ። ብገዛው ደግሞ የኔ ዓይነቱ ሰው በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወጣል፣ ኮሎኒያውም ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ያቺ ሴት ሁለት ሚኒባስ መያዝ ትጀምራለች። ይሄን ሁሉ ፍልስፍና የምትደረድረው ሴትዮ ለቅድሚያ ክፍያ የሚሆን እንኳ እንደሌላት የምታውቁ ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ። የሌለኝን ቤት በመግዛቴ ከወዲሁ የሚጸጽተኝ እኔ ነኝ።

ብቻ እልክ ያዘኝና ለፑዌርቶ ሞሬሎሷ ደላላ ጻፍኩላት፣ የባሕር ዳሩን የላከችልኝን ትቼ ኮሎኒያ ውስጥ የሚሸጥ ቤት አለ ወይ አልኳት። ወዲያው መለሰች። አለ፣ ዋጋውም ጥሩ ነው፣ "ግን እዚያ መኪና ያስፈልግሻል" አለች።

መኪናማ አለኝ። ጉልበቴንስ ምን ላድርገው?