የመጨረሻው ስኒ እንደ መጀመሪያው፦ ለብዙ እንግዳ ሻይ የማቅረብ ልምዴ

ሰሞኑን ባዘጋጀሁት የሻይ ግብዣ ላይ ዘግይታ የደረሰች እንግዳ የቀረበላት ስኒ፣ ቀድሞ የመጣው ሰው ከጠጣው ጋር ቀለሙም ጣዕሙም አንድ ነበር። ለሌላው ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ለራስ ብቻ ሻይ ከማዘጋጀት ለብዙ ሰው ወደ ማቅረብ ለመሸጋገር ብዙ የለፋሁበት ጉዳይ ስለሆነ፣ ደስታዬ ሳይበርድ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ስለ አጀማመሬ ብዙ የምለው የለም። እንደ ብዙ ሰው በከረጢት ከሚቀርበው ሻይ ጀምሬ ወደ ልቅ ቅጠል ተሻገርኩ። ጥቁሩም፣ አረንጓዴውም፣ ኡሎንጉም፣ ነጩም ካሜሊያ ሳይነንሲስ ከሚባል አንድ ተክል እንደሚገኙ፣ ልዩነታቸውም በዋናነት ከተቀጠፉ በኋላ በሚያልፉበት ሂደት እንደሚመጣ ማወቄ ብዙ ነገር አቃለለልኝ። አረንጓዴው ገና እርጥብ ሳለ በሙቀት ስለሚመታ ከአየር ጋር ተገናኝቶ የሚያደርገው ለውጥ ይቆማል። ጥቁሩ ጠውልጎና ታሽቶ ለውጡን እስከ ጥግ ይሄድበታል፤ ኡሎንግ በሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ ለአረንጓዴው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሞቀ ውሃ፣ ለጥቁሩ የፈላ ውሃ ያስፈልጋል። ይህን የያዘ ሰው አንድ በራድ፣ አንድ ማጥለያና አንድ ሰዓት ካለው ለራሱ የሚሆን ጥሩ ሻይ አያጣም።

ከዚህ ደረጃ አንድ ምክር ብቻ ይዤ ልለፍ፦ ትንሽ ሚዛን ይኑራችሁ። ማንኪያ ያታልላል። ተጠቅልሎ የደረቀ ትልልቅ ቅጠልና የደቀቀ ቅጠል በአንድ ማንኪያ ሲሰፈሩ ክብደታቸው አይገናኝም። እኔ ለ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ከ2 እስከ 2.5 ግራም ጥቁር ሻይ እጠቀማለሁ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው የሻይ አዘገጃጀት ደረጃ ለ100 ሚሊ ሊትር 2 ግራም ቅጠል፣ ለ6 ደቂቃ ይላል። አንዳንድ ሰዎች ይህን እንደ ትክክለኛው የሻይ አሠራር ሲጠቅሱት እሰማለሁ፤ አልስማማም። ደረጃው የተበጀው ቀማሾች ልዩ ልዩ ሻዮችን በአንድ ዓይነት ሁኔታ እንዲያወዳድሩ ነው። በዚያ ልክ የተዘጋጀ ሻይ የቅጠሉን ጉድለት ሁሉ ገላልጦ ያወጣል፤ ለቀማሽ ጥሩ ነው፣ ለእንግዳ ግን አይቀርብም።

ወደ ዋናው ራስ ምታት ልምጣ።

ስድስት ሰው ተቀምጧል እንበል። ቅጠሉን በትልቅ በራድ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ ታፈሳላችሁ፣ አራት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ ትቀዳላችሁ። የመጀመሪያው ዙር ግሩም ነው። ጨዋታው ይደምቃል፣ አንዱ የጀመረውን ወግ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሃያ ደቂቃ ሳይታወቅ ያልፋል። ሁለተኛውን ዙር ስትቀዱ ከበራዱ የሚወርደው የጠቆረ፣ የመረረ፣ ምላስ የሚያደርቅ ነገር ነው። እንግዳው ጨዋ ስለሆነ ምንም አይልም። ስኳር ይጨምርበታል፣ ወይም «ይበቃኛል» ብሎ ስኒውን ፈቀቅ ያደርጋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ «ይበቃኛል» ነው። የሻይ ግብዣ ነፍሱ ያለችው በሁለተኛውና በሦስተኛው ስኒ ላይ ነው። በመጀመሪያው ስኒ ሰው ሰላምታውን ይጨርሳል፤ የልቡን መናገር የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት አይከብድም። ካፌይኑና ለሻይ ለስላሳ ለዛ የሚሰጡት አሚኖ አሲዶች ከቅጠሉ ቶሎ ይወጣሉ። አፍ የሚያደርቁት ፖሊፌኖሎች ደግሞ ቅጠሉ ትኩስ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ እየተጨመሩ ይሄዳሉ። ስለዚህ በራዱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እንግዳውን ሲጠብቅ ሥራውን አላቆመም።

መፍትሔ ብዬ የሞከርኳቸውን ልንገራችሁ። ቅጠል መቀነስ አይረዳም፤ የመጀመሪያው ዙር ይቀጥናል፣ ሁለተኛውም ከመምረር አይድንም። ግማሹ በተጠጣ በራድ ላይ የፈላ ውሃ መጨመር በብዙ ሰው የሚመከር ዘዴ ነው፤ እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ውጤቱ በአንድ ጊዜ ቀጭንም መራራም ነው፤ ሻዩ ኃይሉን አጥቶ ምሬቱን ብቻ ይዞ ይቀራል። ባለ ቀዳዳዋ የብረት ኳስ ለቅጠሉ መዘርጊያ ቦታ አትሰጥም፤ ቅጠል ውሃ ሲጠጣ መጠኑ ብዙ እጥፍ ይሰፋልና ታፍኖ ይቀራል። በራዱን እስከ ታች የሚሞላ ሰፊ ማጥለያ ከኳሷ እጅግ ይሻላል፤ ሰዓቱ ሲደርስ አንስቶ ማውጣት ነው። ፔርሙዝስ? ሙቀቱን ይጠብቃል፣ መዓዛውን ግን አይጠብቅም። ለመንገድ ይሁን፤ ለተቀመጠ እንግዳ ግን ለዛው የጠፋ ሻይ ማቅረብ አልወድም።

የረዳኝ ሁለተኛ በራድ ነው። በአንዱ በራድ ቅጠሉን እነክራለሁ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ሻዩን በሙሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ፣ ቀድሞ በፈላ ውሃ ወደሞቀው ሁለተኛ በራድ እገለብጣለሁ። እንግዳ ፊት የሚቀርበው ሁለተኛው ነው፤ ውስጡ ቅጠል ስለሌለ ግማሽ ሰዓት ቢቆይም አይመርም። ቻይናውያን ሻይ አቅራቢዎች በበራዱና በስኒዎቹ መካከል አፈ ሰፊ ማካፈያ ዕቃ የሚያስገቡት ለዚሁ ነው፤ ሻዩ በሙሉ እዚያ ተደባልቆ ስለሚቀዳ ማንም ከማንም የቀጠነ ወይም የከረረ አይደርሰውም። በቀጥታ ከቅጠሉ በራድ ከተቀዳ ግን የመጀመሪያው ስኒ ቀጭን፣ የመጨረሻው ወፍራም መሆኑ አይቀርም። ጃፓናውያን ያለ ማካፈያ ዕቃ ሲቀዱ ለሁሉም ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ሄደው እየተመለሱ ይሞላሉ፤ በራዱንም አሟጥጠው ያንጠፈጥፋሉ። ሁለተኛ በራድ የሌለው ሰው ቢያንስ ይህን ያድርግ። ሁለተኛው በራድ ውድ ወይም የሚያምር መሆን አያስፈልገውም፤ ክዳኑ ገጥሞ፣ አፉ ሳያንጠባጥብ የሚቀዳ ከሆነ በቂ ነው። ከዕቃዎቼ ሁሉ የምወደው እርሱን ነው።

እንግዳው ከስድስት ሲያልፍ ግን ሁለት በራድም አይበቃም። እዚህ ላይ የሩሲያውያንን ዘዴ ወሰድኩ። እነርሱ ሳሞቫር የሚባለውን ትልቅ የውሃ ማፍያ አፍልተው ያቆማሉ፤ አናቱ ላይ በምትቀመጠው ትንሽ በራድ ደግሞ በጣም የከረረ ሻይ ያዘጋጃሉ። ከዚያች በራድ ለእያንዳንዱ ጥቂት ይቀዳና በፈላ ውሃ ይሞላል። እኔ ሳሞቫር የለኝም፤ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ያንኑ ሥራ ይሠራልኛል።

ለስምንት ሰው፣ ለእያንዳንዱ 200 ሚሊ ሊትር ሻይ ለማቅረብ 20 ግራም ጥቁር ቅጠል በ470 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ለአምስት ደቂቃ እነክራለሁ። ቅጠሉ የተወሰነውን ውሃ ስለሚይዝ ሲጠለል 400 ሚሊ ሊትር ያህል ይወጣል። ለእያንዳንዱ ስኒ 50 ሚሊ ሊትር ከዚህ፣ 150 ሚሊ ሊትር ከፈላ ውሃ ይደርሰዋል። የዚህ ዘዴ ትልቁ ጸጋ ሻዩ ሁልጊዜ የሚያቃጥል ትኩስ መሆኑ ነው፤ ውሃው ያኔውኑ የፈላ ነዋ። ሌላው ጸጋ ደግሞ ቀጭን የሚወድና ወፍራም የሚወድ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሳይጨቃጨቁ የሚፈልጉትን ማግኘታቸው ነው። የከረረው ሻይ ሲቀዘቅዝ ቢደፈርስ አትደንግጡ፤ ካፌይኑና የሻዩ ፖሊፌኖሎች ተጣብቀው ነው፣ የፈላ ውሃ ሲነካው መልሶ ይጠራል። ዘዴው የሚሠራው ጠንካራ ለሆኑ ጥቁር ሻዮች ነው። እንደ አሳም ያለው ወፍራም የህንድ ሻይ ያምርበታል። ዳርጂሊንግ የተባለው ሌላው የህንድ ሻይ፣ በተለይ በዓመቱ መጀመሪያ የተለቀመው ግን፣ ስስ መዓዛው እንዲህ መጨናነቅ አይችልም፤ እርሱን ለሁለትና ለሦስት ሰው ብቻ አስቀምጡት።

ስለ ውሃ አጭር ነገር ልበል። በ8ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቻይናዊው የሻይ ሊቅ ሉ ዩ የተራራ ውሃን አስቀድሞ፣ የወንዝን አስከትሎ፣ የጉድጓድን መጨረሻ አድርጎ ደረጃ አውጥቶለታል። ዛሬ ጉዳዩን በሌላ ቋንቋ እንገልጸዋለን። ካልሲየም የበዛበት ውሃ የሻዩን ቀለም ያደበዝዛል፣ ላዩ ላይም ስስ ሽፋን ያንሳፍፋል። ሻያችሁ እንዲህ ካደረገ ቅጠሉን አትውቀሱ፤ የተጣራ ውሃ ሞክሩ። ሁለት ጠብታ ሎሚም ሽፋኑን ያጠፋል፣ ቀለሙን ግን ያነጣዋል። ከፍ ባለ ቦታ ለምትኖሩ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የውሃ መፍያ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ 2,000 ሜትር ላይ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በዚያ ሁኔታ ለጥቁር ሻይ በራዱን አስቀድሞ ማሞቅ ግዴታ ነው፣ አንድ ደቂቃ መጨመርም ይጠቅማል።

ወተትን በተመለከተ ብዙ የሻይ ወዳጆች ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩብኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ከነጩም ከኡሎንጉም አስበልጬ የምወደው ወፍራም ጥቁር ሻይ በወተት ነው። ውድ ቅጠሎች ቀምሻለሁ፣ አድንቄያቸዋለሁም፤ ማለዳ ላይ እጄ የሚሄደው ግን ወደዚህ ነው። የወተት ፕሮቲን ምላስ የሚያደርቁትን ነገሮች ስለሚይዛቸው ሻዩ ይለሰልሳል። ለእንግዳ ስታቀርቡ ወተቱንና ስኳሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ተዉት። እንግዳ በስኳር ሲጠጣ «እንዲህ ከሆነማ ጣዕሙን አታገኘውም» ብሎ የሚያስተምር አስተናጋጅ ሻዩን ከነግብዣው ያበላሻል።

እስካሁን ስለ ሻዩ ብቻ አወራሁ፤ ስለ ግብዣው የምለው ጥቂት ቢሆንም አጥብቄ የምይዘው ነው። ሰው አታብዙ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጃፓናዊው የሻይ መምህር ሴን ኖ ሪኪዩ እንደሠራው የሚነገርለት ታይ አን የተባለ የሻይ ክፍል ስፋቱ ሁለት የወለል ምንጣፍ ብቻ ነው። መግቢያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ማንም ጎንበስ ሳይል አይገባም። እኔ ያን ያህል አልጨክንም፤ ግን ከስምንት ሰው በላይ ሲሆን ጨዋታው ለሁለት ይከፈላል፣ አስተናጋጁም ቀጂ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለጠረጴዛው ጌጥ የምትደክሙትን ያህል ለመቀመጫችሁ አስቡ። ማንቆርቆሪያው፣ በራዶቹ፣ የቅጠል መጣያው ሁሉ ከወንበራችሁ ሳትነሱ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይሁኑ። ምግቡንም አታግንኑት። የቤድፎርዷ ዱቼስ አና እ.ኤ.አ. በ1840 አካባቢ በእንግሊዝ ለከሰዓት በኋላው ሻይ መለመድ ምክንያት ሆነች የሚባለው ከምሳ እስከ ዘግይቶ የሚመጣው እራት ድረስ ረሃብ ስለሚያስቸግራት ነበር፤ ያኔም ቢሆን ከሻዩ ጋር የሚቀርበው መቆያ እንጂ ማዕድ አልነበረም። ሆዱ የጠገበ እንግዳ ሦስተኛውን ስኒ አይቀበልም። ምሽት ላይ ስትጋብዙ ደግሞ ካፌይን እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ስለማይጠፋ፣ ከዕፅዋት የሚዘጋጅ ካፌይን የሌለው ትኩስ መጠጥ በጎን ይኑራችሁ።

ያልፈታሁት ነገር አረንጓዴ ሻይ ነው። አክርሮ አዘጋጅቶ በውሃ ማቅጠን ለእርሱ አይሆንም፤ ሲከር ይመራል፣ ሲቀጥንም ምሬቱ አይለቀውም። በሙቀት ወቅት ቅጠሉን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ቀዝቃዛ ውሃ መራራውን ክፍል ያን ያህል ስለማያወጣ ጠዋት ለስላሳ ሆኖ ይጠብቀኛል፣ እንግዶቼም ይወዱታል። ትኩስ ሲፈለግ ግን ከአራት ሰው በላይ አልሆነልኝም። አሁን የምሠራው በሁለት ትናንሽ በራዶች እያፈራረቅኩ ነው፤ የፈላውን ውሃ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጥኩ አቀዘቅዘዋለሁ፣ በእያንዳንዱ ግልበጣ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ይወርድልኛል። ይህ ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ከጨዋታውም ያወጣኛል። ለስምንት ሰው ትኩስ አረንጓዴ ሻይ ተቀምጣችሁ የምታቀርቡ ካላችሁ፣ ውሃውን እንዴት እንደምታበርዱትና ቅጠሉን ስንት ጊዜ እንደምትደግሙት ጻፉልኝ።