የቅንጣቶችን ዱካ በገዛ ዓይኔ ያየሁበት ሳጥን

ኤሌክትሮን ለእኔ ለብዙ ዓመታት የፈተና መልስ ነበር። ይህን የአቶም ቅንጣት ያገኘው ቶምሰን፣ እ.ኤ.አ. 1897፣ አለቀ። አንድ ቀን ግን ነገሩን በዓይኔ ማየት አማረኝና ክላውድ ቻምበር ሠራሁ፤ ቅንጣቶች ሲያልፉ ዱካቸውን በጉም መስመር የሚያሳይ ሳጥን ነው።

ዕቃው ጥቂት ነው። ጥርት ያለ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ጥቁር የብረት ዝርግ፣ ወፍራም ጨርቅ፣ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ደረቅ በረዶ (የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) እና የእጅ ባትሪ። ጨርቁን በአልኮል አርሼ ሳጥኑ ውስጥ፣ ሲደፋ ከላይ በሚሆነው በኩል፣ በሽቦ አሰርኩት። ከዚያ ሳጥኑን ብረቱ ላይ ደፋሁት። ከብረቱ ሥር ያለው በረዶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያለ ጓንት አይነካም። አልኮሉ በቀላሉ ስለሚቀጣጠልም እሳት አጠገቡ አይደርስም፣ መስኮትም ይከፈታል።

አሠራሩ ደስ ይላል። ከላይ የተነነው አልኮል ወርዶ በጣም ይቀዘቅዛል፤ የሚይዘው ነገር ካላገኘ ግን ጠብታ መሆን ይከብደዋል። የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት ሲያልፍ በመንገዱ ላይ አዮኖችን፣ ማለትም ሙል ያላቸው አቶሞችንና ሞለኪውሎችን፣ ይተዋል። አልኮሉ እነሱ ላይ ይንጠለጠላል። የምናየው ነጭ መስመር ይኸው ነው። ይህን የጀመረው የፊዚክስ ሊቁ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1894 በስኮትላንዱ ቤን ኔቪስ ተራራ ላይ ያየውን የደመና ውበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ለመድገም ነበር የተነሳው። ቅንጣት ፍለጋ አልነበረም።

የመጀመሪያው ሙከራዬ አልሠራም። ጉም ብቻ። በሳጥኑ ጠርዝ አየር ይገባ ነበር፤ ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩት። ሁለተኛውም ያው ሆነ፤ ባትሪውን ከላይ ነበር የማበራው። ብርሃኑ ከጎን፣ ዝቅ ብሎ፣ ብረቱን ታክኮ መግባት አለበት። ደግሞ በየደቂቃው መክፈት ክልክል ነው! ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።

ሦስተኛው ላይ መጣ። አጭርና ወፍራም መስመር፣ ጭረት ጥሎ ጠፋ። አየር ውስጥ ካለው ራዶን ከሚባል ጨረር አመንጪ ጋዝ የሚወጣ የአልፋ ቅንጣት እንደዚህ ነው። ቀጥሎ እንደ ክር ቀጭን፣ የተጣመመ፤ ኤሌክትሮን። ከዚያ ረጅምና ቀጥ ያለ። ከጠፈር የሚመጣው የኮስሚክ ጨረር ከባቢ አየርን ሲመታ የሚወለደው ሙዮን የተባለ ቅንጣት ሳይሆን አይቀርም። በአማካይ የሚኖረው 2.2 ማይክሮሰከንድ ነው፤ እዚህ ድረስ ግን ይደርሳል። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ሌላው የአቶም ቅንጣት፣ ኒውትሮን፣ የታለ ብዬ ፈለግኩ። ከዚያ ገባኝ። ሙል የለውም፣ አዮን እየተወ አይሄድም፣ ስለዚህ የራሱ ዱካ የለውም። አግኚው ቻድዊክ እስከ እ.ኤ.አ. 1932 ድረስ የዘገየውም ለዚህ ነው፤ ኒውትሮንን ያገኘው ኒውትሮኑ ራሱ ከፓራፊን ሰም ውስጥ መትቶ ባስወጣቸው፣ ሙል ባላቸው ፕሮቶኖች በኩል ነው።