«ጠርሙሱ ሙሉ ነው»

የምሠራው የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው። ሙቀት ሲበረታ ከሰዓት በኋላ ስልካችን ዕረፍት የለውም። ያን ቀን ግን አንድ ወጣት ሳይደውል ከች አለ፤ ጥንቸሉን ከነጎጆዋ ተሸክሞ። በጎኗ ተዘርግታለች። አፍንጫዋ ይርገበገባል። ጆሮዋን ስነካው ያቃጥላል።

«ውሃ ጠጥታለች?» አልኩት።

«ውሃማ አላት፤ ይኸው ጠርሙሱ ሙሉ ነው።»

ዶክተሯ ለካቻት፤ ከ41 ዲግሪ በላይ። ጤነኛ ጥንቸል ከ38.5 እስከ 40 ነው። ልጁ ደንግጦ «በረዶ ውሃ ውስጥ እንንከራት?» አለ።

«አይሆንም ልጄ፣ ድንጋጤው ይገድላታል» አለችው። ለብ ካለ ትንሽ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ጨርቅ ነክራ ጆሮዎቿን ደጋግማ አራሰች። ጥንቸል እንደኛ በላብ አትቀዘቅዝም፤ ሙቀቷን በብዛት የምታስወጣው በጆሮዋ የደም ሥሮች ነው። ከዚያ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ተሰጣት።

ትንሽ ተረጋጋን። ዶክተሯ ያንን ሙሉ ጠርሙስ አንስታ ጫፉን በጣቷ ጫን አደረገች። ጠብ የለም! ጥንቸሏ በምላሷ ስትገፋት ውሃ የምትለቀው የጫፉ የብረት ብይ ቆሻሻ ይዟት ተጣብቃለች። ጠርሙሱ የሞላው ስላልጠጣች ነው።

እኔ በበኩሌ ጠርሙስ አልወድም። ጥንቸል ጎንበስ ብላ ከሳህን ስትጠጣ ይቀናታል፤ ብዙም ትጠጣለች። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቷ ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋታል፤ በሙቀት ጊዜ ደግሞ ይጨምራል። ውሃ ካጣች ድርቆሽ መብላት ትተዋለች፤ ድርቆሽ ከተወች አንጀቷ ይቆማል። የጎጆዋን ወለል ሳይ በጠጡ ጥቂት፣ ደቃቅና ደረቅ ነበር። ነገሩ የዚያን ቀን ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። ማራገቢያ ከፍቶላታል፤ ግን ላብ ለሌላት እንስሳ ማራገቢያ ብቻውን ብዙም አይረዳም። ሐብሐብም ሰጥቷታል፤ እሱ ስኳር ነው፣ ከቁራሽ ካለፈ ሆዷን ያበላሻል። ጎጆዋንም ጠዋት ጥላ ውስጥ ነበር ያስቀመጠው። ፀሐይ ዞራ ደረሰችባት እንጂ።

ዶክተሯ አዲስ ዘዴ አልነገረችውም። ቅጠሉን አጥበህ ሳታራግፍ ስጣት። ውሃ የሞላ ፕላስቲክ አቀዝቅዘህ በረዶ ሲሆን በጨርቅ ጠቅልለህ አጠገቧ አስቀምጥ፤ ከፈለገች ትደገፈዋለች። ድርቆሽ አይጉደል። ግማሽ ቀን ምንም ካልበላች እስኪነጋ አትጠብቅ፣ አምጣት።

ወደ ማታ ድርቆሽ መጎተት ጀመረች። ስታኝክ ሰምተን ነው ያመንነው። በማግስቱ ጠዋት ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ዶክተር አለች? ሳህኑን ገለበጠችው!»

ዶክተሯ ከወዲያ ሆና ሰማች። «ከበድ ያለ የሸክላ ሳህን ይፈልግ በይው» አለችኝ፤ «ደግሞ ጠጥታ ነው የገለበጠችው ወይስ ሳትጠጣ?»