ከቆቃ የቀዳሁት ብርጭቆ

ባለፈው በጋ ቆቃ ሐይቅ ዳር አክስቴ ጋ ሄጄ ነበር። አዋሽ ተገድቦ ከተፈጠረው ከዚህ ሐይቅ በብርጭቆ ውሃ ቀድቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩ። ቆየት ብሎ አረንጓዴው ሁሉ ወደ ላይ ወጥቶ እንደ ቀለም ረጋ፤ ከሥሩ ያለው ጠራ።

ይህ አረንጓዴ ማይክሮሲስቲስ ይባላል፤ ሰማያዊ-አረንጓዴ አልጌ የሚሉት ደቂቅ ባክቴሪያ ነው። ሴሎቹ ውስጥ ጋዝ የያዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሉት ይንሳፈፋል፣ ሙቀትም ይስማማዋል። አየሩ ሲሞቅ የላይኛው ውሃ ይቀልና ከታችኛው ጋር አልቀላቀል ይላል። ያኔ እሱ ብርሃኑን ይሻማል፤ የዓሣው ቀለብ መነሻ የሆኑት ሌሎቹ ደቂቅ አልጌዎች ከሥሩ ጥላ ውስጥ ይቀራሉ። ሙቀት ብቻውን ይህን አላመጣም። የሚቀልበው ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከላይ የሚወርደው ፍሳሽ ነው፤ ሙቀቱ ያባብሰዋል።

አክስቴ «አፍልቼ ነው የምጠጣው፣ ምን ይለኛል?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ማይክሮሲስቲስ የሚያመነጨውን ማይክሮሲስቲን የሚባለውን መርዝ አያጠፋም፤ ጉበት የሚጎዳው ደግሞ እሱ ነው።

«እትዬ፣ የሚጠጣውን እንኳ ከቦኖ ያስቀዱ» ብዬ ለመንኳቸው። ቦኖው ሩቅ ነው። አሁን በሳምንት ሁለቴ በአህያ ያስመጣሉ፤ ልብስ የሚታጠበው ግን ዛሬም በሐይቁ ውሃ ነው።