ማንጎ ለቡቺ

ማንጎ ሲደርስ ባሕር ዳር መንገዱ ሁሉ ልጣጭና ፍሬ ይሆናል። ሰው ሥጋውን ግጦ የቀረውን ይወረውራል። ውሻ ደግሞ የተወረወረ ነገር አያልፍም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

የማንጎ ፍሬ ትልቅ ነው፣ ያንሸራትታል። ጉሮሮ ላይ ያንቃል። ከተዋጠም አንጀት ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል። ከዚያ ውሻው ያስመልሰዋል፣ ምግብ ይጠላል፣ ሆዱ ይነፋል። ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው።

ማንጎውን ራሱን ግን ውሻዬን ቡቺን አልከለክለውም። ለቡቺ ማንጎ ነፍሱ ነው። እልጠዋለሁ፣ ሥጋውን ከፍሬው ላይ እለያለሁ፣ በትንሽ በትንሹ ቆርጬ እሰጠዋለሁ። ፓፓያ ሲሆን ጥቋቁሮቹን ፍሬዎች በማንኪያ ጠርጌ አወጣለሁ። ሙዝ ስኳሩ ስለሚበዛ ቁራሽ ይበቃዋል። ሀብሀብ ከተገኘማ፣ ያለ ልጣጩና ያለ ፍሬው፣ በዚህ በጣና ዳር ወበቅ በጣም ደስ ይለዋል።

ይሄ ሁሉ ግን ጉርሻ እንጂ ምሳ አይደለም። የእንስሳት ሐኪሞች የሚሉት፣ እንዲህ ያለ ነገር ከቀኑ ምግብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ሁዳዴ ላይ ይሄን መርሳት ይቀላል። ቤት ውስጥ አጥንት ይጠፋል፣ ውሻው አንጀት ይበላል፣ እጅህ ወደ ፍራፍሬው ይሄዳል። አለበለዚያ የተረፈ ሽሮ ፍትፍት ይደፋለታል። ሽሮው ውስጥ ደግሞ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለ፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። ውሻ አይጾምም። እኛ ቤት ለቡቺ እንቁላል ለብቻው ይቀቀልለታል።

አቮካዶ አልሰጠውም። ቅባቱ ይከብደዋል፣ ቆሽቱንም ሊያስቆጣ ይችላል፤ ፍሬው ደግሞ እንደ ማንጎው ያንቃል።

ከሁሉ የምፈራው ግን ወይንና ዘቢብ ነው። የውሻን ኩላሊት ያበላሻሉ። አንዱ ውሻ በልቶ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ሌላው በጥቂት ፍሬ ይታመማል፤ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም። ምክንያቱ ወይን ውስጥ ያለው ታርታሪክ አሲድ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። መጀመሪያ ያስመልሰዋል፣ ይደክመዋል፣ ቆይቶ ሽንቱ ይቀንሳል። እዚያ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። በልቷል ከተባለ ወዲያው ወደ ሐኪም ነው። ዘቢብ ያለበት ኬክና ዳቦም ያው ነው።

የሰፈራችን ልጆች ቡቺን ይወዱታል። በፍቅር ነው ያገኙትን ሁሉ የሚያጎርሱት። ስለዚህ ቁጭ አድርጌ ነገርኳቸው። «የኔ ልጆች፣ ሥጋውን ስጡት፣ ፍሬውን ለኔ አምጡልኝ። ዘቢብ ግን አንዲትም እንዳትሰጡት» አልኳቸው። አሁን ማንጎ ሲበሉ ፍሬውን ይዘው በራችንን ያንኳኳሉ።